ደረቅ በጋ፣ የጠራ ሰማይና ወንዝ ዳር ያለው ባቄላ
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልበት ወር ሲቃረብ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ አየር ጠባይ ያዘነብላሉ። በዚህ ጊዜ ከደረሱን መካከል አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ፣ ማለትም ከመንዝና ከደብረ ብርሃን ደጋ እንዲሁም ከሥሩ ካለው ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጡ ስለሆኑ መልሳችንንም በዚያው አገር ላይ አድርገናል። ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት በመኪና መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በከፍታ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ይበላለጣሉ፤ ለሁለቱም በአንድ ቃል የተነገረ ትንበያ ላይ ሲደርስ አንድ፣ ታች ሲደርስ ሌላ ትርጉም የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የማርሰው ከመሐል ሜዳ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው። በመስከረም በሬዲዮ የሰማሁት ትንበያ በጋው በአመዛኙ ደረቅና ፀሐያማ እንደሚሆን ይናገር ስለነበር እፎይ ብዬ ነበር። ኅዳር እንደገባ ግን ወንዙ ዳር ያለው ባቄላዬ በአንድ ሌሊት ውርጭ በላው። ዳገቱ ላይ ያለው የወንድሜ ባቄላ አንድ ቅጠል እንኳን አልተነካም። የተሳሳተው ትንበያው ነው ወይስ እኔ ነኝ?

መልስ፦ የሰሙት ትንበያ እንደተባለው ደርሷል፤ ባቄላዎን ያስበላውም እንደተባለው መድረሱ ነው። ለቆላው ገበሬ «ደረቅና ፀሐያማ» ማለት ሰብሉን አጭዶና ከምሮ ያለ ስጋት ይወቃል ማለት ሲሆን፣ ለእርስዎ አገር ግን ያው ቃል ሌሊቱ ደመና አይኖረውም የሚለውን ጭምር ይዟል። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ስትለቅ፣ ደመና ካለ ከሚወጣው ሙቀት ብዙውን ተቀብሎ መልሶ ወደ መሬት ይልከዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደጋው ቀኑን ሙሉ ሲበርድ ውሎ ሌሊት ግን ውርጭ የማይጥለው ለዚህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ አየር አገሩን ሲሞላውና ማታ ነፋሱ ሲቆም መሬት ጋቢዋን እንደተገፈፈች ታድራለች፤ ቀን አናት የሚበሳ ፀሐይ ዋለ ማለት ሌሊቱ ይራራል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

የወንድምዎ ባቄላ የተረፈበትን ምክንያት ደግሞ ከመሬቱ አቀማመጥ ያገኙታል። በጠቅላላው ሲታይ በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ዳገት ከረባዳ የበለጠ ይበርዳል ብሎ ማሰብ ለቀን ልክ ነው። በጠራና ነፋስ በሌለው ሌሊት ግን መሬቱን ነክቶ የቀዘቀዘው አየር ከሙቁ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል እየተንሸራተተ ወንዝ ዳር፣ ጨፌ ላይና ዙሪያውን በተከበበ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ሙቁ አየር ከላዩ ይንሳፈፋል። ከረባዳው 40 ወይም 50 ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ተዳፋት በዚህ ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ሞቆ ሊያድር ይችላል፤ ለባቄላ አበባ ደግሞ ጥቂት ዲግሪ የመትረፍና ያለመትረፍ ልዩነት ነው። ደብረ ብርሃን አጠገብ የበሬሳን ወንዝ ተከትሎ በተዘረጋው ሜዳም የሚታየው ይኸው ነው።

አንድ ሌላ ነገር መጨመር አለብን። የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው። ጣቢያው 2 ወይም 3 ዲግሪ ከዜሮ በላይ በሚያነብበት ሌሊት መሬት ላይ ያለው ሣርና ቅጠል ከዜሮ በታች ወርዶ አመዳይ ሊለብስ ይችላል። ጎህ ሲቀድ ማሳው ውስጥ የገባ ሰው ቅጠሉን እንደ መስተዋት ደርቆና ነጭ ለብሶ ያገኘዋል፤ በዚያን ሰዓት ገና አረንጓዴ ስለሆነ የተረፈ ይመስላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ጎመን ይዝለፈለፍና ይጠቁራል። ብዙዎች ፀሐዩ አቃጠለው ይላሉ፤ ጉዳቱ የደረሰው ሌሊት በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሠራ ነው፤ ፀሐዩ የሚያደርገው የተደበቀውን ማሳየት ብቻ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት «ደረቅ በጋ» የሚል ትንበያ ሲሰሙ ለዳገቱ ማሳ እንደ ደስታ፣ ለረባዳው እንደ ማስጠንቀቂያ ይቁጠሩት። ውርጩ የሚበረታው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሆነ ባቄላውንና ድንቹን ወደ ተዳፋቱ ማውጣት፣ በረባዳው ደግሞ ከኅዳር በፊት አበባውን የሚጨርስ፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር መዝራት ወይም ቦታውን ለግጦሽ መተው ይሻላል። ይህን በወረቀት ላይ መጻፍ ቀላል እንደሆነ አናጣውም፤ ረባዳው ጥቁር አፈር ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ቋጥሮ አላዘራ ይላል፤ ዘግይቶ የተዘራውም ልክ ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን ያብባል። ማጠንፈፊያ ቦይ አውጥቶ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መዝራት ከተቻለ ግን ከማንኛውም መከላከያ የበለጠ ያድናል።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሾና ማሽላ አመርታለሁ። ለበጋው የተሰጠ ነው ተብሎ በስልክ የተላከልኝ ትንበያ «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ» ይላል። ዝናቡ በ45 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ ማሾውን ሳይደርቅ ልልቀመው?

መልስ፦ እባክዎ ሳይደርቅ አይልቀሙት። ቁጥሮቹ የዝናቡን መጠን አይነግሩም፤ የሚነግሩት ዕድልን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የአካባቢዎ የ30 ዓመት የበጋ ዝናብ ተወስዶ ከትንሹ ወደ ትልቁ በተርታ ይደረደራል፤ ዝቅተኛዎቹ 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኛዎቹ 10 «መደበኛ»፣ ከፍተኛዎቹ 10 «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ስለሚመጣው በጋ ምንም የማናውቅ ብንሆን ለእያንዳንዱ የምንሰጠው ዕድል 33 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። 45 በመቶ ማለት እንግዲህ ሚዛኑ ወደ እርጥቡ ወገን አዘንብሏል ማለት ነው። የቀረውን 55 በመቶ ደግሞ አይርሱት፤ ከመደበኛ በላይ የማይሆንበት ዕድል አሁንም ይበልጣል።

ለእርስዎ አካባቢ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሰሜን ሸዋ የበጋው ዝናብ በመደበኛው ዓመትም ትንሽ ስለሆነ «ከመደበኛ በላይ» የሚባለው ሁለት ወይም ሦስት ብርቱ የዝናብ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። በቦረናና በሶማሌ ክልል ግን የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ራሱን የቻለ ሁለተኛ የዝናብ ወቅት ነው፤ እዚያ ያው ቃል የግጦሽና የኩሬ ውሃ ብሥራት፣ አንዳንዴም የጎርፍ ሥጋት ነው። ለእርስዎ ጥያቄው ምን ያህል ይዘንባል ሳይሆን መቼ ይዘንባል የሚለው ነው፤ ነዶው መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ የመጣ የአንድ ቀን ዝናብ ከመስከረሙ ዝናብ ሁሉ የበለጠ ያጠፋል። መቼ እንደሚዘንብ ግን የወቅት ትንበያ አይነግርዎትም። ለዚህ የሚያስፈልገው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየ10 ቀኑ የሚያወጣው መረጃ፣ ከዚያም ባጠረ ጊዜ የሚሰጠው የቀናት ትንበያ ነው። የወቅቱን ትንበያ ለዕቅድ፣ ማለትም ሸራ ለመግዛት፣ ለክምሩ ከፍ ያለ መደብ ለማዘጋጀትና ለወዛደር ቀድሞ ለመነጋገር ይጠቀሙበት፤ የአጨዳውን ቀን ግን በ10 ቀኑ መረጃ ይቁረጡ። የደረሰውን ከዛሬ ነገ ሳይሉ ማንሳት በእርጥብም በደረቅም በጋ አያስቆጭም። ዝናቡ ከመጣ ቆላው ላይ የሚጠራቀመው ውሃ የወባውን ጊዜ ሊያራዝመው ስለሚችል አጎበሩንም በኅዳር አያውርዱት።

ሚዛኑን የሚያዘነብለው ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልጉ አንባቢዎችም ስላሉ ባጭሩ እንንገራችሁ። ኤልኒኖ በሰላማዊ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ያለው ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ላኒና ደግሞ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ለበጋችን ከዚህ እኩል የሚታየው የሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ ከአፍሪካ ወገን ያለው ውሃ ከኢንዶኔዥያ ወገን ካለው ይልቅ ሲሞቅ ወደ እኛ የሚመጣው እርጥበት ይጨምራል። ሁለቱ ሲገጥሙ፣ ማለትም ኤልኒኖውም የሕንድ ውቅያኖስ መሞቅም በአንድ ጊዜ ሲመጡ፣ እንደ 1990 ዓ.ም. ያለ በጋ ይሆናል፤ የዚያን ዓመት የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ የደረሰ ሰብል አበላሽቷል። በ2012 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ብቻውን እጅግ ስለሞቀ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ከመጠን አለፈ፤ የበረሃ አንበጣው በአፍሪካ ቀንድ እንዲያ የተራባውም ያ እርጥበት ስለተመቸው ነበር። በአንጻሩ ላኒና በተከታታይ በቆየባቸው በ2013፣ በ2014ና በ2015 ዓ.ም. የደቡቡና የደቡብ ምሥራቁ የበልግም የበጋም ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ከብት አልቋል። ለሰሜን ሸዋ ደጋ ላኒና የሚያመጣው የጠራ ሰማይ ነው፤ የጠራ ሰማይ ምን እንደሚያስከትል ከላይ ለመሐል ሜዳው ገበሬ ነግረናቸዋል።

ጥያቄ፦ አያቴ የበጋውን ጠባይ የሚናገሩት ዘመኑ የማን ወንጌላዊ እንደሆነ ቆጥረው ነበር። የዛሬዎቹ ባለሙያዎች ከዚህ የተለየ ምን ያውቃሉ?

መልስ፦ ባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት የማይሳሳት ስሌት ነው፤ ዝናብና ውርጭ ግን የአራት ዓመቱን ዙር ሲጠብቁ አልታዩም። ከላይ በጠቀስናቸው ዓመታት ላይ ሁለት ሌሎች ጨምረን ብንወስድ፣ እርጥብ በጋ የነበረው 1990 ዘመነ ማርቆስ ሲሆን፣ በሶማሌ ክልል ጎርፍ የነበረበት የ1999 በጋ ዘመነ ሉቃስ፣ እርጥብ በጋ የነበራቸው 2012ና 2016 ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ነበሩ። ላኒና የተከታተለባቸው ሦስት ዓመታት በማቴዎስ፣ በማርቆስና በሉቃስ ላይ አርፈዋል። ኤልኒኖ ራሱ ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላል እንጂ ቋሚ ቀጠሮ የለውም፤ ባለሙያዎቹም ቢሆኑ አስቀድመው የሚያውቁት ከጥቂት ወራት የበለጠ አይደለም።

ይሁን እንጂ አያትዎ የትኛው ጎድጓዳ ቀድሞ አመዳይ እንደሚለብስና የትኛው ዳገት እንደሚተርፍ ያውቁ እንደነበር አንጠራጠርም። እንዲህ ያለውን እውቀት የትኛውም ጣቢያ አይመዘግበውም። አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው የከፈሉት አባቶች ከደጋው በላይ ያለውን መሬት «ውርጭ» ብለው በቅዝቃዜው ስም መጥራታቸውም ያለ ነገር አይደለም። ስሌታቸውን ትተው የማሳ እውቀታቸውን ቢጠይቋቸው የበለጠ ይጠቀማሉ የሚል እምነት አለን።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዴንቨር ሲሆን ወላጆቼ አንኮበር ናቸው። ስልኬ ላይ «የክረምት ትንበያ» ብዬ ስፈልግ ምንም ዝናብ የሌለበት ብርድ ብርድ የሚል ወቅት ያሳየኛል፤ እናቴ ደግሞ «ክረምቱማ አለፈ» ትለኛለች። በዚያ ላይ ስልኩ የሚነግረኝ ሙቀት እናቴ ከምትነግረኝ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ችግሩ ያለው በትርጉሙ ላይ ነው። እርስዎ ባሉበት አገር በረዶ የሚጥልበት ቀዝቃዛ ወቅት በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ክረምት» ተብሎ ይተረጎማል፤ በእኛ ግን ክረምት የዝናቡ ወቅት ነው። ያ የብርድ ወቅት በወራቱ ሲታይ የሚውለው በእኛ በጋ ላይ ነው፤ በሜትዎሮሎጂ አከፋፈል በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ይባልና በጋ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የወላጆችዎን አየር ሲፈልጉ «የበጋ ትንበያ» ብለው ይፈልጉ።

ሙቀቱ የማይገጥመው ደግሞ የስልክ ትንበያዎች ዓለምን በአራት ማዕዘን ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ቁጥር ስለሚሰጡ ነው። የአንዱ ክፍል ጎን እንደ ሞዴሉ 9፣ 13 ወይም 25 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ ይህ ችግር የለውም። አንኮበር ግን ያለችው በገደሉ አፋፍ ሲሆን ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲወድቁ ስልኩ የሚነግርዎት ማንም የማይኖርበትን አማካይ ከፍታ ሙቀት ነው። ለአንኮበር ሌሊት ከስልኩ ቁጥር ላይ ጥቂት ዲግሪ መቀነስ ከእውነቱ ያቀርብዎታል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን እናትዎን መጠየቅ ነው። ሲደውሉ አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ ሌሊት ብርዱን ለመከላከል የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብተው በር ዘግተው አይተኙ፤ ሽታ የሌለው ጋዝ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ይገድላል። የመንዝ ባና ደርቦ መተኛት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ደሴ አይሱዙ እነዳለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጣርማ በር ስደርስ የመኪናዬን አፍንጫ እንኳን የማላየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጣርማ በር ደጋው የሚያበቃበትና ገደሉ የሚጀምርበት አፋፍ ስለሆነ ነው። ከምሥራቅ፣ ከአፋር ቆላ በኩል የሚመጣ እርጥበት ያለው አየር ገደሉን ሲገናኝ ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ቆሞ ሽቅብ ለሚያይ ሰው በተራራው አናት ላይ የተቀመጠ ደመና ነው፤ እርስዎ ግን ውስጡ ስለሚገቡ ጉም ይሉታል። ደብረ ብርሃን ከአፋፉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስላለ ደመናው ሳይደርስበት ይሟሟል። በቆላው በኩል እርጥበት በገባባቸው የበጋ ሰሞኖችና በበልግ ስለሚብስ በ10 ቀኑ መረጃ ላይ «በምሥራቅ አማራ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ» የሚል ካነበቡ ከጣርማ በር ዋሻ በፊትና በኋላ ጉም እንደሚጠብቅዎ ይገምቱ። ረጅሙን መብራት አያብሩ፤ ከጉሙ ተመልሶ ዓይንዎን ይወጋል። አጭሩን አብርተው፣ ፍጥነት ቀንሰው፣ ከፊት ያለውን መኪና ርቀው ይንዱ፤ መቆም ካለብዎ ከአስፋልቱ ፈጽሞ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ውርጭ ሊጥል ሲል እርጥብ ሣርና ኩበት አጭሰን ማሳውን በጢስ እንሸፍናለን። እውነት ይጠቅማል?

መልስ፦ ጢሱ ራሱ የሚጠቅመው በጣም ጥቂት ነው። እንደ ደመና ቢመስልም ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት አያግዱም፤ ጭራሽ ጠዋት ላይ ማሳውን ሸፍኖ ከቆየ ፀሐዩ ቅጠሉን እንዳያሞቀው ይከለክላል። የሚረዳው የእሳቱ ሙቀት ነው፤ እሱም ቢሆን በማሳው ውስጥ ተበታትነው ከሚነድዱ ብዙ ትንንሽ እሳቶች ሲመጣ ነው። አንድ ትልቅ እሳት ሙቀቱን ይዞ ሽቅብ ይነጉዳል፤ በምትኩ ቀዝቃዛው አየር ከጎን ይገባል።

ማገዶ ውድ በሆነበት አገር የተሻለው ዘዴ ውሃ ነው። መስኖ ካላችሁ ውርጭ ከሚጠረጠርበት ሌሊት አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ማሳውን አጠጡት፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር ይልቅ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቀዋል። አፈሩን በዚያ ሰሞን አትኮትኩቱት፤ የተፈረፈረ አፈር አየር ስለሚይዝ ሙቀት አያስተላልፍም። የችግኝ መደብ ከሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ በገለባ ወይም በጨርቅ ሸፍናችሁ ጠዋት ግለጡት። ሌሊቱን ለመጠርጠር ደግሞ ቀኑን ሲነፍስ የዋለው ነፋስ ማታ ጸጥ ማለቱን፣ ሰማዩ መጥራቱንና ሣሩ ላይ ጤዛ አለመኖሩን ተመልከቱ፤ በደረቅ አየር ጤዛ ስለሚዘገይ ቅዝቃዜው ሳያስጠነቅቅ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በማሳው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስስ ውሃ የያዘ የቆርቆሮ ሳህን ማታ አስቀምጡና ከጎህ በፊት ሄዳችሁ በጣታችሁ ንኩት፤ ለሦስት አራት ሌሊት ሳህኑን ከረባዳው ወደ ዳገቱ እያፈራረቃችሁ ብታስቀምጡት ውሃው በረዶ የሚሠራበት ቦታ የት እንደሚያበቃ ታገኙታላችሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላውን ከዚያ በላይ ዝሩት።